በስሜ ማን ተስማማ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ያቺ የምኮራባት ሲዲ ዛሬ ጉድ ሠራችኝ። ላፕቶፕ የዊንዶውስ ፈቃዱን ከፋብሪካው ይዞ ስለሚመጣ የፈቃድ ቁጥር እንዳትጠይቅ አድርጌ ያዘጋጀኋት ናት። ቋንቋውንም፣ ሰዓቱንም፣ የአጠቃቀም ውሉንም ራሷ ሞልታ ዊንዶውስ ትጭናለች፤ እኔ ሻዬን እጠጣለሁ።

ጡረታ የወጡት ዳኛ፣ ጋሽ ታደሰ፣ ላፕቶፓቸውን ወደ ኮምፒውተር ጥገና ሱቄ አምጥተው አጠገቤ ቁጭ ብለው ያያሉ።

«ይሄ ነገር ውል የለውም እንዴ?»

«አለው ጋሼ። ሲዲዋ ራሷ ‹እስማማለሁ› ትልልዎታለች።»

«በስሜ? ውክልና አላት? አቁመው!»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ምን ላድርግ፣ ‹እስማማለሁ› የሚለውን መልስ አውጥቼ ሌላ ሲዲ ሠራሁ። ውሉ ስክሪኑ ላይ ወጣ። መነጽራቸውን አድርገው፣ እስክሪብቶ ይዘው ከመጀመሪያው መስመር ጀመሩ። ሱቄ ውስጥ ያለው ወንበር አንድ ነው፤ የመጣው ደንበኛ ሁሉ እያየን ተመለሰ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀና አሉና «አልስማማም» የሚለውን ተጫኑ። ሁሉም ነገር ቆመ። ባዶ ላፕቶፓቸውን ታቅፈው፣ ደስ ብሏቸው ተነሡ። በሩ ላይ ዞር ብለው፣

«ለመሆኑ አንተ በስንት ሰው ስም ተስማምተሃል?» አሉኝ።

ስድስት ዓመት ሙሉ በፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ሕዝብ ስም ስስማማ ኖሬአለሁ። በምን እንደተስማማን ልጠይቃቸው ሮጬ ስወጣ ታክሲ ይዘው ሄደዋል።