ስምንት ዓመት ወደኋላ የቀረው የአባዬ ኮምፒውተር

ሰኞ

አልከፈተም። ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የሞከርኩት። ነጭ ገጽ፣ ከዚያ አንድ መስመር እንግሊዝኛ፣ ከዚያ ምንም። አባዬ ከጎኔ ተቀምጦ ያየኛል። እኔ ደግሞ የማውቅ ለመምሰል ቁልፍ እነካካለሁ። ጦር ኃይሎች መጋረጃ የምሸጥ ሰው ነኝ እኮ።

ለምን እንደጀመርኩት እዚህ ልጻፈው፣ ነገ ስማረር እንዳልረሳው። አባዬን ስትሮክ ከመታው ወዲህ ምላሱ ተይዟል። ሐኪሙ ሐሳቡም ቃሉም ውስጡ በሙሉ አለ፣ ማውጫው ነው የጠፋው ብሎናል። እስክሪብቶ ከእጁ ይወድቃል። ስልኬን ስሰጠው አንድ ፊደል ሊነካ አራት ይጽፍበታል፣ ከዚያ ተናዶ አልጋው ላይ ይወረውረዋል። ጋሽ በላቸው ደግሞ በየእሁዱ ከደብረ ማርቆስ ይደውላሉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አንድ ቢሮ ውስጥ ጎን ለጎን ታይፕ ሲመቱ የኖሩ ጓደኛሞች ናቸው። አሁን እሳቸው ያወራሉ፣ አባዬ ይተነፍሳል።

ትናንት ስልኩን ስቀበለው ጋሽ በላቸው ድምፃቸው ደክሟል። ልባቸውን አሟቸው ከተኙ ሰንብተዋል። "ልጄ፣ ከሱ አንድ ቃል ሳልሰማ እንዳልሄድ" አሉኝ። ይህን የሰማ አባዬ ተነሥቶ ጥግ ወዳለው አሮጌ ኮምፒውተሩ ሄደ፣ ጨርቁን ገፈፈና ሁለት እጁን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈ። እጆቹ አልተንቀጠቀጡም። ታዲያ ምን ላድርግ? ስልኬን በገመድ ሰካሁበት፣ ኢንተርኔቱ ግን እምቢ አለ።

ማክሰኞ

ከሱቅ አስፈቅጄ ማሽኑን በአንሶላ ጠቅልዬ ከቤታችን ከአስኮ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ኮምፒውተር ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ ስለታቀፍኩት አንዲት ሴትዮ "ታሞ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው።

ጠጋኙ ከፍቶ አቧራውን እፍ ብሎ ሳቀ። ቅርስ ነው አለ። ቫይረስ ስለወረሰው ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም አለኝ። ከዚህ አገር ጠጋኝ አፍ የማይጠፋ ቃል ቢኖር ይኼ ነው። ውስጡ የምትፈልጊው ነገር አለ ወይ ሲለኝ፣ ኢንተርኔት ብቻ ይሁንልኝ አልኩት። ሁሉንም አጥፍቶ እንደገና ጫነው። ለአሮጌ ማሽን የሚሆን ብራውዘርም አስገባልኝ። አልዋሸኝም፣ "ብዙ ተስፋ አታድርጊበት" ብሏል።

ረቡዕ

ዛሬም እምቢ አለ። ግን ጽሑፉን ሳልዘጋው እያንዳንዱን ቃል በስልኬ እየፈለግኩ አነበብኩት። የገጹ ፈቃድ ጊዜው ገና አልደረሰም ነው የሚለው። እንዴት አይደርስም ብዬ ጥጉ ላይ ያለውን ቀን ባየው ዓመቱ የእኛ ነው! አባዬ ከገዛው ቀን ጀምሮ ቀኑንም ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር ነው የሚያስኬደው። ዕድሜ ልኩን ደብዳቤ ላይ ቀን ሲመታ የኖረ ሰው የፈረንጅ ዓመት ቤቱ አያስገባም። ማሽኑም አምኖት ስምንት ዓመት ወደኋላ ቆሟል። ለሱ የዛሬው ኢንተርኔት ገና አልተወለደም።

በፈረንጅ አደረግኩት። አንድ የዜና ገጽ እያቃሰተ ተከፈተ። ፎቶው አይታይም፣ ግማሹ ተዛንፏል፣ ግን ተከፈተ! ለብቻዬ እስክስታ መታሁ።

ሽሮውን አሙቄ ስመለስ ተዘግቷል። አባዬ ዓመቱን መልሶታል። ስህተት አርሞ ለአለቃ እንደሚያቀርብ ሰው ቀና ብሎ አየኝ።

ሐሙስ

እኔ እቀይራለሁ፣ አባዬ ይመልሳል። ለማሽኑ እንጂ ላንተ አይደለም አልኩት። በግራ እጁ ጠረጴዛውን መታው። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ውዬ፣ የታክሲ ሰልፍ ጠብቄ መጥቼ፣ ከአንድ ዓመተ ምሕረት ጋር ስታገል አምሽቼ ትዕግሥቴ አለቀ። "እንግዲያው ዝም ብለህ ኑር!" ብዬ ጮኽኩበት።

መናገር ለማይችል ሰው። ምነው ምላሴን በቆረጠው።

መብራትም ሄደ። ባኞ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ይህን በስልኬ መብራት ነው የምጽፈው። ነገ ማሽኑን ለቆራሌው እሰጠዋለሁ።

ዓርብ

አልሰጠሁትም። ጠዋት ልወጣ ስል ኮምፒውተሩ በርቷል፣ ዓመቱም በፈረንጅ ሆኗል። ራሱ ነው የቀየረው። ሰዓቱን ሳይቀር። ይቅርታ አባዬ አልኩት፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ማታ የኢሜይሉ ገጽ ግማሹ ነጭ ሆኖ ተከፈተ። የጋሽ በላቸውን ልጅ የትዕግሥትን አድራሻ አስገብቼ መጻፊያው ላይ አደረግኩለት። ያን ጊዜ የሆነውን ምን ብዬ ልጻፈው። ዓይኑን ጨፍኖ ይመታል። ቀኝ እጁ ይዘገያል፣ ግራው ይጠብቀዋል። ደብዳቤው የሱ ነውና ላለማየት ደጅ ወጥቼ ቆምኩ። የቁልፎቹ ድምፅ እስከ በሩ ይሰማል፤ ልጅ ሆኜ ቢሮው ስሄድ የምሰማው ድምፅ ነው።

ሲጨርስ ጠረጴዛውን አንኳኳ። ስክሪኑን በእጄ ከልዬ ላክ የሚለውን ተጫንኩ። ሄደ። ሄደ! እራት አልበላንም፣ ሁለታችንም ረስተነው።

ቅዳሜ

ትዕግሥት ደወለች። "ምንድን ነው የላካችሁት?" አለች። ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ነጥብ፣ ቅንፍ፣ እንደገና ፊደል፣ አንድ ገጽ ሙሉ ዝባዝንኬ። የሚነበበው ከላይ ያለው ቀን ብቻ ነው። እሱም በእኛ አቆጣጠር።

ሮጬ ጠጋኙ ጋ ደወልኩ። ቁልፉን እንደ ድሮው ታይፕ የሚያደርገው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ከፎርማቱ ጋር ጠፍቷል፣ ያ ዓይነቱ አሁን አይገኝም አለኝ። ዲስኩን ከቁም ሣጥን ፈልጌ አገኘሁት፣ ለሁለት ተሰንጥቋል። አባዬ ቁልፉን በአማርኛ ሲመታ ማሽኑ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ነበር። ሲመታ ደግሞ ስክሪን አያይም። እነሱ ቢሮ የመታውን እያየ የሚመታ ታይፒስት ይሳቅበታል።

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይኼ ነው። ምላሱን በሽታው ወሰደው፣ የጣቱን አማርኛ ደግሞ እኔ አስጠፋሁት። "ኢንተርኔት ብቻ ይሁንልኝ" ያልኩት እኔው ነኝ።

አልነገርኩትም። የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ ስልኩ አጠገብ ተቀምጧል። መልስ ይጠብቃል።

እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኮምፒውተሩን ስጫነው ጭራሽ አልበራም። ውስጡ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። አንደኛውን ሁሉንም ልንገረው ብዬ አባዬ ፊት ተቀመጥኩ። አፌን ስከፍት ስልኩ ጠራ።

ትዕግሥት ናት፣ አባቴ ሁላችሁም ስሙ ብሏል አለችኝ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ጋሽ በላቸው እያረፉ ነው የሚናገሩት።

"ትዕግሥት ልታጠፋው ነበር" አሉ። "ፊደሉ ነው እንጂ የተበላሸው፣ ቁልፉ እኮ የኛው ነው። እሷ የእንግሊዝኛውን ፊደል በተራ ስትጠራልኝ ብርድ ልብሱ ላይ በጣቴ መታሁት። ወጣልኝ።"

ከዚያ ማንበብ ጀመሩ። እንዳልረሳው እንደሰማሁት እጽፈዋለሁ።

"በላቸው፣ ይኸውልህ አለሁ። ምላሴ ነው እንጂ እኔ አልጠፋሁም። እሁድ እሁድ ስታወራ በልቤ እመልስልሃለሁ፣ ስትዋሽም አርምሃለሁ። ልጄ ይህን አሮጌ ማሽን ተሸክማ ትንከራተታለች። እንደማይሆን አውቃለሁ። አጠገቤ ስለምትቀመጥ ተዪው አላልኳትም። ዓመቱንም በፈረንጅ አድርጋብኛለች፣ ችዬዋለሁ። ትናንት ጮኸችብኝ። ደስ አለኝ በላቸው። ከታመምኩ ወዲህ እንደ ጤነኛ ሰው የጮኸብኝ የለም። ሁሉም ያንሾካሹክብኛል። አንተም እንዳትሞትብኝ፣ ገና ያላረምኩልህ ውሸት አለ።"

ጋሽ በላቸው ሊስቁ ሲሉ ሳል ያዛቸው። ትዕግሥት ይረፍ ብላ ዘጋችው። አባዬን ማየት አፈርኩ። ድምፁን ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ ነው፤ ዛሬ በሌላ ሰው አፍ ሰማሁት።

ኮምፒውተሩ እንደተቃጠለ ያን ጊዜ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ፣ ምንም አልመሰለውም። ከዚያ ክንዴን ስቦ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋውና በጣቶቹ መታ መታ አደረገ። ቀኝ፣ ግራ፣ ግራ፣ ቆም ብሎ እንደገና። ታይፕ አልችልም። ድገመው አልኩት፣ ደገመው። አሁንም አልገባኝም።

ጋሽ በላቸው ይህንንም እንዲያነቡልኝ እስከሚቀጥለው እሁድ ይቆዩልኝ ይሆን? ጣቶቹ የት የት እንዳረፉ ክንዴ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጌያለሁ። እስከዚያ ክንዴን አላጥበውም።