የቀብሯን ገንዘብ በቁሟ ስለወሰደችው ጎረቤቴ

ለተከበራችሁ የሕዝብ እንደራሴዎች
አዲስ አበባ

ክቡራንና ክቡራት ሆይ፣ ጤናችሁ እንደምን ሰንብቷል? ይህን የምጠይቀው ለደብዳቤ ወግ ብቻ አይደለም፤ ጤና እኛ ዘንድ ውድ ነገር ስለሆነ፣ ያለው ሰው ስናገኝ አጥብቀን እንጠይቀዋለን። እኔ ፈይዛ ሙሐመድኑር እባላለሁ፤ ዲላ ላይ ጨርቃ ጨርቅ እሸጣለሁ። ሥራ እንደሚበዛባችሁ ስለማውቅ በጎረቤቴ በወይዘሮ የሺሃረግ ላይ የደረሰውን ባጭሩ አጫውቻችሁ እሰናበታለሁ።

የሺሃረግ ባሏ ከሞተ ወዲህ ቆጮ እየሸጠች ሁለት ሴቶች ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። በጤና መድን ለመመዝገብ ከሰፈራችን የቀደማት አልነበረም። ባለፈው ክረምት አራስ የሆነችውን የእህቷን ልጅ ልንጠይቅ ሌላ ወረዳ ወዳለችው ፍስሐ ገነት አብረን ሄድን። ገንፎው እንደቀረበ ሆዷን ይዛ እጥፍ አለች።

"ምነው፣ ገና ሳትቀምሺው?" ብዬ ቀለድኩባት።

በቀልድ ፈንታ ክንዴን ይዛ "ሐኪም ቤት" አለችኝ። የደነገጥኩት ያኔ ነው፤ የሺሃረግ ቀልድን በቀልድ ሳትመልስ ቀርታ አታውቅም። ምስጋናዬም ከዚህ ይጀምራል።

አንደኛ፣ በአቅራቢያው ወዳገኘነው የጤና ተቋም ስናደርሳት፣ ካርዷ የዲላ በመሆኑ በመድን መታከም እንደማትችል፣ ከተመዘገበችበት ቦታ የሪፈር ወረቀት ማምጣት እንዳለባት በታላቅ ትሕትና ተነገረን። ሥርዓት ስላስተማራችሁን እናመሰግናለን። ጥፋቱ የትርፍ አንጀቷ ነው፤ የወረዳ ድንበር ሳያጠና ባገኘበት ይቆጣል። በሚኒባስ ወደ ዲላ ስንመለስ፣ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር እጄን እስኪያመኝ ትጨምቀው ነበር።

ሁለተኛ፣ ዲላ ላይ ካርዱ ሠራ። ያልነበረው መድኃኒቱ ነው። ዓይኑ በድካም የቀላ ወጣት ሐኪም፣ "እህቴ፣ ቶሎ ኦፕራሲዮን መደረግ አለባት፤ ማደንዘዣውንና የመስፊያ ክሩን ግን ከውጭ ግዙ" አለኝ። እሱን አልወቅስም፤ ከእኛ ይልቅ ያፈረው እሱ ነበር። ሐኪሙን ሰጥታችሁን ክሩን ለእኛ የተዋችሁት የጨርቅ ነጋዴ መሆኔን ሰምታችሁ ከሆነ ግን፣ ስለጣላችሁብኝ እምነት ከልብ አመሰግናለሁ።

ለሚቀጥለው ግን ተራ ቁጥር አልሰጥም፤ የእናንተ ሥራ አይደለምና። በእጄ ያለው ስላልበቃ ወደ ሰፈራችን ዕድር ሮጥኩ። ሰው ተጠራርቶ በአቶ ገብረኪዳን ግቢ ተሰበሰበ። የዕድሩ ዳኛ እሳቸው ናቸው።

"ፈይዛ፣ ዕድራችን ለቀብር እንጂ ለሕክምና አይደለም። ደንቡ አይፈቅድም" አሉኝ፣ መሬት መሬት እያዩ።

ስልኬን አውጥቼ የሺሃረግን አገናኘኋቸው፤ ሁሉም እንዲሰማም ድምፁን ከፍ አደረግሁት። ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ "ጋሼ ገብረኪዳን፣ ስሞት የምትሰጡኝን አሁን ስጡኝ። ያኔ ባዶ እጃችሁን ብትመጡ አልቀየማችሁም" አለች።

ማንም አልሳቀም። አቶ ገብረኪዳን ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። "ደንቡን ያወጣነው እኛው ነን፤ እኛው እንለውጠዋለን። የሚቃወም አለ?" አሉ። አንድም እጅ አልወጣም። እናንተ ዓመታት የምትመክሩበትን ጉዳይ አንድ ድንኳንና ጥቂት ድስት ያለው ዕድር በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረሰው፤ ባለማወቃችን ተቻኩለን ከሆነ ይቅርታ።

የሺሃረግ በዚያው ቀን ኦፕራሲዮን ተደርጋ ዳነች። ዛሬ ገበያ ቦታዋ ላይ ናት፤ "ቀብሬን በልቼዋለሁ፣ እንግዲህ መሞት አልችልም" እያለች ደንበኛ ታስቃለች። እኔም እስቃለሁ።

ሐኪም ቤት ከጎኗ ተኝታ የነበረችው ዘነቡ ግን አታስቀኝም። አሪቻ በሚባል ቦታ ቡና በመልቀም የምትተዳደር ሴት ናት፤ ጡቷ ላይ እብጠት ነበራት። የመድን መመዝገቢያው ጊዜ አልፎባታል፤ ዕድርም የላትም። "ቡና ሲደርስ ሠርቼ እመለሳለሁ" ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ቡናው ደረሰ፤ ተለቅሞም አለቀ። ዘነቡ አልተመለሰችም።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው። ማንም ሰው የትም ቢታመም፣ ካርድ ቢኖረውም ባይኖረውም በመንግሥት ሐኪም ቤት የሚታከምበትን፣ ወጪውንም ሁላችንም በግብራችን የምንሸፍንበትን ሕግ አጽድቁልን። ግብሩን እኔም እከፍላለሁ፤ እንደ ነጋዴ ወግ እያጉረመረምኩ፣ ግን እከፍላለሁ።

ወንበራችሁ የማይቆረቁር፣ ስብሰባችሁ የማያንቀላፋ፣ ሆዳችሁም ሁልጊዜ በትውልድ ወረዳችሁ ብቻ የሚታመም እንዲሆን እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ፈይዛ ሙሐመድኑር
ከዲላ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አቶ ገብረኪዳን፣ ዕድራችን እናንተንም በአባልነት ለመቀበል ዝግጁ መሆኑን አሳውቂልኝ ብለውኛል። መስፈርቱ ቀላል ነው፤ እኛ ጋ ለድምፅ እጅ የሚወጣው ጉዳዩ ስለምን እንደሆነ ከተሰማ በኋላ ነው።