ራሴ እሠራዋለሁ ያልኩት ፕሮግራም

ጥቅምት 4፣ ሰኞ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ፕሪንተሩ ዛሬም ወረቀት በላ። ስጎትተው ተቀደደ። የበሽተኛ ሰልፍ እስከ ውጭ በሩ ደርሷል። ካርድ ክፍል ውስጥ ካርድ አውጪዋ አዴ ሻሺቱ እንደ ልማዳቸው እያንዳንዷን ሴት የማን እናት እንደሆነች ይጠይቃሉ። ሃዳ ሁንዴ፣ የሁንዴ እናት፤ ሃዳ ገመቹ፣ የገመቹ እናት። እናት የልጇን ስም ስትጠራ ካርዷን ዓይናቸውን ጨፍነው ያወጣሉ። ክሊኒኩ ከተከፈተ ጀምሮ እንዲሁ ናቸው።

ደብተሬ፣ ስሚኝማ። የክሊኒኩ ኃላፊ ዶ/ር ጠራኝ። ካርዱ ወደ ኮምፒውተር ይግባ ይላል። ወይ አዲስ አበባ የተሠራ ፕሮግራም ይገዛል፣ ወይ እኔ እሠራለሁ። አጥንተህ ጻፍ አለኝ። እዚህ ብቸኛው የኮምፒውተር ሰው እኔ ነኝ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ከገዙ እኔ ምን ልሆን ነው? የፕሪንተር ወረቀት ጎታች።

ጥቅምት 8፣ ዓርብ

ጉደር ሄድኩ። እዚያ አንድ ክሊኒክ ልንገዛው የምንችለውን ፕሮግራም ይሠራበታል። አየሁት። ጥሩ ነው። ላንቺ ብቻ ነው የምጽፈው፤ በጣም ጥሩ ነው። በኦሮምኛም በአማርኛም ይሠራል። መድኃኒት የማይስማማው ሰው ከሆነ ስክሪኑ ላይ ቀይ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ካላነበቡት አያሳልፍም። መዝጋቢዋ ሻይ ጋብዛ እየሳቀች አሳየችኝ። እኔን ግን ሳቅ አልመጣኝም። ቀናሁ። ሚኒባስ ውስጥ ሪፖርቱን በሐሳቤ ጽፌ ጨረስኩ።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

ሪፖርት ገባ። የጉደሩ ፕሮግራም ለአካባቢያችን አይመችም፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ ብቻ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ይቆማል። የመጨረሻዋ ብቻ እውነት ናት፤ እሷም እኔ የምሠራውን ሳይቀር የምትነካ ናት። ዶ/ር አመነኝ። ራሴ በአንድ ወር እሠራዋለሁ አልኩ። ጎበዝ ተባልኩ። ጎበዝ!

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ፕሮግራሜ ሥራ ጀመረ! ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜ ሲገባለት የካርድ ቁጥር ይሰጣል። ፈጣን። የማስጠንቀቂያውን ነገር በኋላ አስገባዋለሁ፤ ጊዜ አጠረኝ።

አዴ ሻሺቱ ግን አሁንም የማን እናት ነሽ ይላሉ። ሰልፉ ቆመ፣ ዶ/ር ብቅ ብሎ አየ። ተናደድኩ። ሰው ፊት፣ ይሄ ድሮ ቀረ፣ ማሽኑ ያለውን ቁጥር ብቻ ያውጡ አልኳቸው። እሺ ኢልማ ኮ አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ በኋላ ማንንም ምንም አልጠየቁም። ትንሽ ከበደኝ። ትንሽ።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ከጌዶ የመጣች ሴት፣ ጫልቱ በየነ። እዚሁ አምቦም ሌላ ጫልቱ በየነ አለች። የሁለቱም ዕድሜ በግምት አርባ ተብሎ ተመዝግቧል። የእኔ ፕሮግራም ሁለት ሰው ሲያገኝ የመጀመሪያውን ብቻ ያሳያል። የአምቦዋን ቁጥር ሰጠ፤ አዴም የታዘዙትን አወጡ። የጌዶዋ ካርድ ላይ ፔኒሲሊን አይስማማትም ተብሎ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል። እሱ መደርደሪያው ላይ ቀረ።

ፔኒሲሊን ተወጋች። ፊቷ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራት። ዶ/ር ሮጦ ደረሰ። ተረፈች፤ ለጥቂት። ባሏ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር። አየኝ። ማን እንደሆንኩ አያውቅም።

የማን እናት ነሽ ብለዋት ቢሆን ኖሮ!

ኅዳር 26፣ ሐሙስ

ትናንት በድብቅ አስተካከልኩት። አሁን ሁለቱንም ያሳያል። ማንም አላወቀ።

ዛሬ ስብሰባ። የተሳሳተውን ካርድ ማን አወጣ ተባለ። አዴ ሻሺቱ እጃቸውን አነሡ። ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ፣ እኔ ጫማዬን አየሁ። ዶ/ር ፕሮግራሙስ አለኝ። ደህና ነው አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፍባቸው ተባለ። ማን ታይፕ ያድርገው? እኔ። አደረግኩት። ፕሪንተሩ ወረቀት እንኳ አልበላብኝም። ወራዳ ነኝ።

ኅዳር 29፣ እሑድ

አዴ ሻሺቱ ቤት ሄድኩ፤ ልናገር። ምሳ ቀረበ። አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። ዓይኔ ደክሟል አሉ። ቁጥሩን አሳስቼ ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ የተማረ ሰው የሠራው ማሽን አይሳሳትም አሉ። ሥራ ሊለቁ ነው። ሴትዮዋን እኮ ገና ስትገባ አውቄያታለሁ፣ ሃዳ ቶሌራ ናት፣ ታዲያ እንዴት ዝም አልኩ? እያሉ ራሳቸውን ይጠይቃሉ። ዝም ያሰኘሁዎት እኔ ነኝ አላልኩም። በላሁ። ጨመሩልኝ። እሱንም በላሁ።

ኅዳር 30፣ ሰኞ፣ ጠዋት 1፡30

ጻፍኩት። ሁለት ገጽ። ስህተቱ የፕሮግራሙ ነው፣ ፕሮግራሙ የእኔ ነው፣ ካስተካከልኩት በኋላም ዋሽቻለሁ። የጉደሩ ሪፖርት ሐሰት ነው። የእኔው ይቁም፣ ያኛው ይገዛ፣ የአዴ ደብዳቤ ይሰረዝ። ፈረምኩ። ከሥራ ቢያባርሩኝ ያባርሩኝ። ዶ/ር ከመግባቱ በፊት መጀመሪያ ለአዴ አነብላቸዋለሁ። ካርድ ክፍል ቁጭ ብዬ እየጠበቅኩ ነው።

መጡ። አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ አሉኝ። መነጽር አድርገዋል፤ አዲስ። ትናንት አንተ ከወጣህ በኋላ ገዛሁት አሉ። አንድ ካርድ አንስተው አራቁት፣ አቀረቡት። ይባስ ያደበዝዝብኛል፣ እለምደው ይሆናል አሉ።

አዴ፣ ያውልቁት፣ ዓይንዎ አልተሳሳተም ልላቸው ነው። አሁን፤ እስክሪብቶዬን ላስቀምጥ።