ቤት ነው ያልኩት የዶሮ ቤት

ሰኞ፣ ግንቦት 4፣ ጠዋት

ዛሬም አውራ ዶሮው አልጋዬ ራስጌ ላይ ቆሞ ጮኸ። ጆሮዬ ሥር። አንዱ ጫማዬ ውስጥ ኩስ፣ አንዱ ውስጥ እንቁላል። ደብተር፣ እኔ ኡጁሉ፣ የባሮ ወንዝን ድልድይ ባጃጅ በአንድ እጄ እየነዳሁ የማቋርጥ ሰውዬ፣ ከዶሮ ጋር ነው የማድረው።

ሸለምጥማጥ ሁለት ዶሮ ከበላ ወዲህ እማዬ ሁሉንም እኔ ክፍል አስገባች። ለምን አቻላ ክፍል አይሆንም አልኳት። እህትህ ማታ ታጠናለች አለች። እኔስ? አንተ ትተኛለህ። በቃ፣ አለቀ።

የዶሮ ቤት እሠራለሁ። በአንድ ሳምንት። ብቻዬን። ከስድስተኛ ክፍል ነው የወጣሁት ግን እጄ ኢንጂነር ነው፣ ሰፈሩ ይመስክር። እማዬ ስትሰማ ሳቀች። አምና የጀመርኩትን ሻወር ቤት በአገጯ አሳየችኝ። ሦስት ግድግዳ አለው እኮ! በዚህ ሙቀት አራተኛው ምን ያደርጋል?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5፣ ምሳ ሰዓት

ሚስማር ልገዛ መሃል ከተማ ሄድኩ። ሐጂ ሱቅ። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው፣ እኔ ሳልወለድ እዚህ የመጡ። ከሱቃቸው ጎን ማን ተቀምጣለች? አሪየት። ስልክ ቻርጅ ታደርጋለች፣ ካርድ ትሸጣለች። የኔ ስልክ ባትሪው ሙሉ ነው፣ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፣ ግን በቀን ሁለቴ እወስድላታለሁ።

ችግሩ አባቷ ናቸው። አቶ ኡጉላ። የድሮ ጀልባ ቀዛፊ፣ ረጅም፣ ሲስቁ ያየ የለም። አቻላና አሪየት ቤ/ክ ኳየር ውስጥ አብረው ስለሚዘምሩ ወሬው ይደርሰኛል። ቤት የሌለው ወንድ ደጄ እንዳይቆም ብለዋል አሉ። ስለዚህ እኔ በደጃቸው ቀስ ብዬ ነው የማልፈው። አልቆምም። ሕግ አከብራለሁ።

ታዲያ ሐጂ ሚስማሩን እየመዘኑ ጮክ ብለው፣ ምን ልትሠራበት ነው? አሉኝ። አሪየት ቀና አለች። አየችኝ! ምን ልበል? ቤት እየሠራሁ ነው አልኩ። ውሸት ነው? አይደለም። አንድ ቃል ብቻ ነው የዋጥኩት። የዶሮ የምትለዋን።

"እንኳን ደስ አለህ ኡጁሉ" አለችኝ። ስሜን ጠራች ደብተር። ከደስታዬ ባጃጇን ባዶዋን አየር ማረፊያው መንገድ ድረስ ነዳኋት። አንድ ሰው እጁን አውጥቶ ነበር። አላቆምኩለትም። ይቅር ይበለኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7፣ ማታ

አጎቴ ኡቻን መጣ። የእማዬ ታናሽ፣ ዓሣ አጥማጅ። ወሬ ከጀመረ ባሮ ቢደርቅም አያቆምም። ብቻዬን እሠራለሁ ብዬ ነበር፣ አሁንም ብቻዬን ነኝ። እሱ ይቆፍራል፣ ቋሚ ያቆማል፣ ይጠርባል። እኔ እመራለሁ።

ጠዋት ተጣላን። እሱ እንደ እህል ጎተራ ቤቱ ከመሬት ከፍ ብሎ በቋሚ ላይ ይቁም ይላል። እኔ መሬት ላይ አልኩ፣ ቪላ በእንጨት እግር አይቆምም። ክረምት ውሃ ሲገባ ዶሮዎቹን ዋና አንተ ታስተምራለህ ወይ አለኝ። እማዬ ሳቀች። አቻላ ሳቀች። አውራው ራሱ የሳቀ መሰለኝ። ከፍ ይበል አልኩ። አሁን የኔ ሐሳብ ነው፣ ለሁሉም እንደዚያ ነው የማወራው።

ጣራ ላይ ግን አልተሸነፍኩም። እማዬ ሳር ይሁን አለች። እኔ ቆርቆሮ። ቆርቆሮ ዘመናዊ ነው። ከመንገድ ያብረቀርቃል። አሪየት በዚያ ብታልፍ ታየዋለች።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9፣ ከ/ሰዓት

ጣራው አለቀ፣ ዶሮዎቹ ገቡ፣ እኔ ደረቴን ነፋሁ። ስምንት ሰዓት ላይ አቻላ ጮኸች። ሮጥኩ። ሁሉም አፋቸውን ከፍተው፣ ክንፋቸውን ዘርግተው፣ እንደ ሰካራም ወድቀዋል። እማዬ እጇን ወደ ውስጥ አስገብታ ወዲያው አወጣች። ዳቦ ልጋግርበት እንዴ አለችኝ።

ውሃ እየረጨን አወጣናቸው። ሁሉም ተረፉ። ቆርቆሮው ወረደ። አጎቴ ሳር ሲያለብስ ያፏጫል። እኔ ከታች ሆኜ ሳር አቀብለዋለሁ። መምራት ነው እሱም።

እሁድ፣ ግንቦት 10፣ ከ/ሰዓት

ጉድ ፈላ። ከቤ/ክ ስንወጣ ሰው ሁሉ እጄን ይጨብጣል። ቤት እየሠራህ ነው አሉ፣ ተባረክ። የቤ/ክ ሽማግሌው ሰዉን ሰብሰብ አድርገው ጸለዩልኝ፣ ቤቱን በደስታ ሙላው፣ የብዙ ልጆች ድምፅ ይሰማበት ብለው። እማዬ ለዶሮዎቿ የተጸለየ መስሏት አሜን እያለች አለቀሰች።

ከዚያ ትልቅ እጅ ትከሻዬ ላይ። አቶ ኡጉላ። መዳፋቸው እንደ መቅዘፊያ ነው። ወሬውን ሐጂ ነው የነገሯቸው።

"ልጄ፣ ጥሩ ነው። የሚመጣው እሁድ መጥቼ አየዋለሁ።"

እሺ ጋሼ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? የዶሮ የምትለዋ ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጥታ ተመለሰች። አሪየት ከኋላቸው ቆማለች፣ በነጠላዋ አፏን ይዛ። ያፈረች መሰለኝ። ስታፍር እንዴት ታምራለች።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ለዶሮዎቹ መዋያ ግቢ ማጠር አለብኝ፣ ሽቦው አላዳረሰም። አጎቴ አሮጌ የዓሣ መረቡን ሰጠኝ። ጎበዝ ነኝ፣ በአንድ ከሰዓት ዙሪያውን ወጠርኩት። ነፋስ ያስገባል፣ ዶሮ አያስወጣም። ይሄንን ከኔ በፊት ማንም አላሰበውም።

ማንም ለምን እንዳላሰበው ማምሻውን ገባኝ። መረቡ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። የሰፈሩ ድመት በሙሉ መጣ። የማላውቃቸው ድመቶች። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍም አንድ መጥቶ አጥሩ ጎን ቆመ፣ ራሰ በራ፣ ረጅም፣ ሲያየኝ ልክ አቶ ኡጉላን ይመስላል። በድንጋይ አላባረርኩትም። ከበደኝ።

መረቡን በኦሞ ሦስት ጊዜ አጠብኩ። አሁን የዓሣና የኦሞ ይሸታል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14፣ ማታ

ደብተር፣ አንድ ነገር አሰብኩ። ቤቱ ትንሽ የሰው ቤት ቢመስልስ? ሳይጠጉ ከሩቅ ቢያዩትስ? በረንዳ ጨመርኩ። መስኮት አወጣሁ፣ ሰማያዊ ቀለም ቀባሁ። በሩ ላይ ጓጉንቸር። እማዬ ዶሮ በመስኮት ምን ያያል አለች። መንገድ ያያል አልኩ። ለዶሮዎቿ እንዲህ ማሰቤ አስደስቷት ለራት ትልቁን ዓሣ ለኔ አወጣች። አፍሬ ግማሹን ለአቻላ ሰጠኋት።

ቁመቱን ልለካ ውስጥ ገብቼ ተኛሁ። ከጉልበቴ በታች ውጭ ቀረ። አቻላ አየችኝ። ስልኳን ይዛ ወደ ውጭ ሮጠች፣ ከአጥሩ ባሻገር ሳቋ ይሰማኛል። ለማን ነው የምትደውለው?

እውነቱን እነግራቸዋለሁ። ቅዳሜ። ቤታቸው ሄጄ። ወንድ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

አልሄድኩም። ሥራ በዛ። ደግሞ ዶሮዎቹ ከክፍሌ ወጥተው አውራው ሳይቀሰቅሰኝ ሦስት ሰዓት ድረስ ተኛሁ፣ የባጃጅ ተራ አለፈኝ። የነሱ ጥፋት ነው።

ነገ። ገና ከበር ሲገቡ፣ ለብቻቸው።

እሁድ፣ ግንቦት 17፣ 12 ሰዓት



መጡ። ኮት ለብሰው! በዚህ ሙቀት። ማንጎው ሥር ወንበር ሰጠናቸው፣ ውሃ ቀዳሁ። ለብቻቸው ልነግራቸው ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን አጎቴ ቀደመኝ። ቤቱን ሊያዩ መጥተዋል ሲባል ፊቱ በራ። ስለ ሥራው የሚሰማው ሰው አገኘ።

አቶ ኡጉላ ስንት ክፍል ነው አሉ። አጎቴ፣ አንድ ነው፣ ግን ይበቃቸዋል አለ።

"ጣራው ቆርቆሮ ነው ሲሉ ሰማሁ።"

"ነበር። በሙቀት ሊያልቁ ሲሉ አወረድነው።"

አቶ ኡጉላ ወደ እኔ ዞሩ። እነማን ናቸው ሊያልቁ የነበሩት? አፌን ከፈትኩ። እማዬ ገባች።

"ሚስቶቹ ናቸው እንጂ እሱማ ጠንካራ ነው" አለች።

"ሚስቶቹ?"

"ዘጠኝ ናቸው። አንድም ቀን አይጣሉም። ማታ እሱ መሃል ላይ፣ እነሱ ግራና ቀኝ።"

ብርጭቆው አፋቸው ጋ ደርሶ ቆመ። እማዬን በዓይኔ ለመንኩ። ዓይንህን ምን ነካው አለችኝ።

"እንግዳ ሲመጣስ የት ትተኛላችሁ?" አሉ ቀስ ብለው።

"እንግዳ ሲመጣማ አንዷ ትታረዳለች!" አለ አጎቴ።

አቶ ኡጉላ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ተነሱ። ባሮ ላይ አዞ ሲያይህ እንዴት ነው? እንደሱ አዩኝ። ቤቱን አሳየኝ አሉ። መንገዱን መራሁ። ከማንጎው እስከ ጓሮ እንዲህ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር።

ደረስን። አውራው በረንዳው ላይ ቆሟል። አንገቱን ዘርግቶ ጮኸ። ዘጠኙ አንድ በአንድ ከኋላው ወጡ።

አቶ ኡጉላ አውራውን አዩ። ሴቶቹን በጣታቸው ቆጠሩ። ሰማያዊውን መስኮት አዩ። ጓጉንቸሩን ያዝ አድርገው ለቀቁት።

"የዶሮ ነው።"

"አዎ ጋሼ።"

"ቤት ነው ያልከው።"

"የዶሮ ቤትም ቤት ነው ጋሼ።" ከየት እንደወጣ አላውቅም፣ አፌ ነው።

ጎንበስ ብለው ቋሚውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወዘወዙት። አልተነቃነቀም። ሌላውንም። አልተነቃነቀም። ከዚያ ዞር አሉ፣ ሰላም ዋሉ ሳይሉ ወጡ። ከኋላ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ንዴት ነው።

እማዬ አሁን ነው የገባት። ሰው ምን ብሎ ነው የጸለየልን እንዴ? እያለች ትጮሃለች። አጎቴ ራሱን ይዞ ተቀምጧል። ዘጠኝ ሚስት አልን፣ ታረዳለች አልን፣ ይላል ደጋግሞ። እኔ ዶሮ ቤት ሥር ተደብቄ ነው ይሄን የምጽፍልህ። ከፍ ብሎ መሠራቱ ጥሩ ነው።

ሰኞ፣ ግንቦት 18፣ ከ/ሰዓት

በመሃል ከተማ ላላልፍ ምዬ ነበር። የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ ገበያ አለች። ምን ይደረግ። አንገቴን ሰብሬ ስነዳ፦

"ባለ ዘጠኝ ሚስት! ቁም!"

አሪየት። በገበያ ፊት። ሐጂ ሚዛናቸውን ይዘው በሳቅ ወድቀዋል። ተሳፋሪዋ ወርዳ ሌላ ባጃጅ ያዘች። ዘጠኝ ሚስት ያለው አይነዳኝም ብላ ይሆናል።

አውቃ ነበር ደብተር! ከመጀመሪያው ቀን። ሐጂ ነግረዋታል፣ በዚህ ሚስማር ቤት አይደለም በር አይመታም ብለው። ለአባቷ ቤት ነው ያሉት ለጨዋታ ነው። ማታውን ደግሞ አቻላ ሁሉንም አወራቻት። እግሬ በበሩ ወጥቶ የተኛሁበትን፣ አቻላ ያነሳችውን ፎቶ አሳየችኝ። አሪየት ስልክ ውስጥ የኔ ፎቶ አለ። እንደዚያ ባይሆንም አለ።

ታዲያ ለምን አባትሽን አልነገርሽም አልኳት። ከቤታችሁ ያላወቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ሳቋን አቆመች። እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴ ስቆ አያውቅም አለች። ቢመጣ ይስቅ ይሆናል ብላ ነው ዝም ያለችው። ትናንት ቤት ገብተው ኮታቸውን ሳያወልቁ ሳቁ አለች። ራት ላይ ሳቁ። መብራት ከጠፋ በኋላ ጨለማ ውስጥ፣ "ትታረዳለች" እያሉ ብቻቸውን ሳቁ።

የባጃጇን ሞተር አጠፋሁ። 

ከዚያ መልእክት አላቸው አለች። ቋሚው ጥሩ ነው ብለዋል። የሰው ቤት የሚሠራ ቀን የአጎቱን አፍ ይያዝ ብለዋል። ስልክህን አምጣ ቻርጅ ላድርግልህ አለችኝ። ሙሉ ነው አልኳት። አውቃለሁ፣ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፣ አምጣ አለች።

ቤት መጣሁ። አጎቴ ማንጎው ሥር መረብ ይጠግናል። ፊቱ ቆምኩ። ቤት ልሠራ ነው አልኩት።

ቀና አላለም። "የምን? የፍየል?"

"የሰው" አልኩ።

መርፌውን አስቀመጠ። ቋሚውን እኔ አልቆፍርም፣ አንተ ትቆፍራለህ፣ እኔ እመራለሁ አለኝ።

እሺ አልኩ። ነገ ጠዋት እንጀምራለን።