ጣቴን ያሳረፍሁበት ባሕር

ለቶሞያ እናት፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ሴት ልጅሽ ዘንድ ያለው ብርድ ከደሴታችን ይለዝብልሽ ይሆን? ይህን ለመጠየቅ ፊት የለኝም፤ ግን አብረን ፊደል ስንቆጥር የተማርነው ሰላምታ እንድናስቀድም ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና መሆኔም ያሳፍረኛል።

ቶሞያን በሸኘንበት ቀን እጄን ይዘሽ «ኢሳኦ እንኳን ተረፈልሽ» አልሽኝ። ያን ቀን ያልነገርሁሽን ከሌላ ሰው ሳትሰሚው ከእኔ ስሚ።

የልጆቻችን ጀልባ ማታ ሳትመለስ ስትቀር የባሕር ጠባቂው ሹም ሴኖ ወደቡ ላይ ካርታ ዘረጋ። የፍለጋ መርከቦቹን መስመር ሊያወጣ «እማማ፣ ኢሳኦ የሚያጠምደው የት ነው? ነፋሱንም ማዕበሉንም የማሰላው ከዚያ ተነሥቼ ነው» አለኝ። ከትከሻው ኋላ ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ዳይኪቺ አንገቱን አስግጎ ያያል። የማጥመጃ ቦታ በእኛ ዘንድ አባት ለልጁ በጆሮው የሚነግረው እንጂ ለጎረቤት የሚገለጥ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። ሞተር ተበላሽቶባቸው ይሆናል፣ ራሳቸው ይመጣሉ፤ ቦታው ግን አንዴ ከታወቀ ታወቀ አልሁ በልቤ። ጣቴንም ከሰሜኑ ቋጥኝ አጠገብ አሳረፍሁ። ሴኖ መስመሮቹን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ አጠጋግቶ አሰመረ፤ መርከቦቹም ሁሉ ወደ ሰሜን ሄዱ።

ሲነጋ ባዷቸውን ተመለሱ። ያን ጊዜ «ደቡብ ነው! ከጀልባ ሲያዩት የመቅደሱ ጥድ ከኮረብታው ጫፍ ጋር የሚገጥምበት!» ብዬ ጮህሁ።

ዳይኪቺ ቆቡን መሬት ላይ ወረወረ። «አንቺ ሴትዮ! ይሄንን ቦታ እኮ መንደሩ በሙሉ ያውቀዋል! ባልሽ ሳይሞት ጀምሮ እንዳላየ ሰው የምናልፈው ለእናንተ ክብር ብለን ነው» አለኝ። ሴኖ «ታዲያ ማታ ምን ዘጋችሁ?» ቢለው፣ አንገቱን ደፍቶ «እናትየው ሰሜን እያለች እኔ ማን ነኝና ደቡብ እላለሁ? ቦታ ቀይሮ ይሆናል አልን» አለ።

መርከቦቹ ደቡብ ሲደርሱ ፀሐይ ከፍ ብላ ነበር። ሁለቱም በተገለበጠችው ጀልባ ላይ ተገኙ፤ የቶሞያ ገላ ግን ቀዝቅዞ ነበር።

ኢሳኦ እስከ ዛሬ አላናገረኝም። የሆነውን የሰማሁት ከሚስቱ ነው። ቶሞያ «አይዞህ፣ እናትህ ቦታውን ታውቃለች፤ ትነግራቸዋለች» እያለ ሲያጽናናው አድሯል። ጎሕ ሲቀድ እንኳ እየቀለደ ነበር አለችኝ።

ይቅር በዪኝ ብዬ ሌላ ሸክም አልጨምርብሽም። አማልክት ጉልበትሽን ያጽኑልሽ፤ የልጅ ልጆችሽን ባሕር አያሳያቸው።

እኅትሽ ብዬ እንዳልፈርም ያፈርሁት፣
የኢሳኦ እናት