«ሳለም» ብለህ ጻፍላት

ለምወድህ ልጄ ለታዴዎስ ባፈና፤

ከሁሉ አስቀድመህ ልታውቀው የሚገባህ ነገር ይህ ነው፤ እናትህ አንተን ሞቷል ብላ ሐዘን ከተቀመጠች ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀኗ ነው። በሕይወት እንዳለህ እኔ አውቃለሁ፣ እህትህ ጵርስቅላ ታውቃለች፣ ሰፈሩም አሁን ያውቃል። እሷን ግን ማሳመን አልቻልንም።

ይህን ካወቅህ ሰላምታዬን ተቀበል። እንዴት ነህ ልጄ? ጤናህስ? ያ የትከሻህ ሕመም ተሻለህ ወይ? እዚያ አሁን ብርድ ነው ብለኸኛልና ሱቅ ውስጥ ደርበህ ልበስ። አብሮህ የሚኖረው ሮዳስስ ደህና ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በስልክ ባወራን ቁጥር «ትንሽ አሟታል» ብቻ ያልኩህ፣ እሷ በምትሰማበት ቤት ሆኜ ከዚያ በላይ መናገር ስላልቻልኩ ነው። አሁን በቅደም ተከተል እጽፍልሃለሁ።

የላክኸው አዲስ ስልክ በሰኔ መጨረሻ ደረሰን። የድሮውን ኤርፎን ልሰካበት ብሞክር ቀዳዳ አጣሁለት። ጵርስቅላ «አባባ፣ በከንቱ አትድከም፣ ቀዳዳው ቀርቷል» ብላ ሳቀችብኝ፤ ከትንሿ ነጭ ሣጥን ገመድ የሌላቸውን ሁለት ማዳመጫዎች አውጥታ እናትህ ጆሮ ውስጥ ከተተችላት። እናትህ መጀመሪያ ላይ እንዳይወድቁባት አንገቷን አቅንታ እንደ ሙሽራ ቀስ እያለች ነበር የምትራመደው። ኋላ ግን ወደደቻቸው። ስልኩ ቤት ውስጥ ቻርጅ ላይ ሆኖ እሷ ጓሮ እንሰቱ ሥር ተቀምጣ ታወራህ ነበር።

የድሮውን ገመድ ታስታውሰዋለህ፤ ሁለት ቦታ በፕላስተር የጠቀለልኩትን። ያ ገመድ በነጠላዋ ላይ ወርዶ ሲታይ፣ ከልጇ ጋር እያወራች መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ጎረቤታችን እህተማርያም በአጥሩ በኩል «ዛሬም ታሰርሽ? ይሄ ልጅ ከደቡብ አፍሪካ ድረስ በገመድ ይጎትትሽ ጀመር?» ትላታለች። እናትህም «ይጎትተኝ፤ አንቺን ማን ይጎትትሻል» ብላ ትመልስላት ነበር። ገመዱ ለሰው ምልክት እንደነበር የገባኝ ከቀረ በኋላ ነው።

ሐምሌ 26 ቀን ቅዳሜ፣ የታመመውን የሥራ ባልደረባዬን ተክለጊዮርጊስን ልጠይቅ አንጋጫ ሄጄ ነበር። ጵርስቅላም ገበያ ወጥታለች። አንተ በማለዳ ደውለህ፣ የመኖሪያ ወረቀትህ ስላላለቀ ለመስቀል እንደማትመጣ ነገርካት። አልወቅስህም፤ የነገርካት እውነቱን ነው። እሷም ነጠላዋን ተከናንባ «ታዴዎስ ልጄ፣ እንደ ወንድምህ ሳላይህ ቀረሁ» እያለች አለቀሰች። እህተማርያም በአጥሩ በኩል አየቻት። ስልክ አይታይም፤ ገመድ የለም፤ እናት ብቻዋን ተቀምጣ የልጇን ስም እየጠራች ታነባለች። የወንድምህን የፍሬውን መገደል ከዚያው አገር የሰማን ሰዎች ነንና፣ ሌላ ምን ታስብ? እንዲህ ያለችን እናት ደግሞ «ምን ሆንሽ?» ብሎ መጠየቅ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። በቀጥታ ወደ እድሩ ሊቀመንበር ወደ አቶ ሽብሩ ሄደች።

በዘጠኝ ሰዓት ስመለስ ድንኳን በራችን ላይ ተተክሎ አገኘሁ። ዝናብ ነበር። ሰዎቹ ሲያዩኝ ብድግ አሉ። እኔም አልጠየቅኩም፤ አንተ መሆንህን አመንኩ። ቤት ስገባ እናትህን ሁለት ሴቶች ይዘዋት መሬት ላይ ነበረች። ሰው ቤቱን ሲሞላው «ማን ሞቶ ነው?» ብላ ጠይቃ ኖሯል፤ ሁሉም አንገቱን ደፋ። መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነውና ገባት። «ከእኔ ጋር አውርቶ ሲወጣ ነው የገደሉት» ትል ነበር።

ተስፋ ባይኖረኝም ደወልኩልህ፤ አነሳህ። አንዷን ማዳመጫ ጆሮዋ ውስጥ አደረግሁላት። «አማ፣ እኔ ነኝ፤ ደህና ነኝ» አልካት። ማልቀሷን አቆመች። ማዳመጫዋን አወጣችና መዳፌ ላይ አስቀምጣ፣ «ይህን አውቀዋለሁ። ለፍሬውም እንዲህ አድርገህ አሰምተኸኛል» አለችኝ።

ይህን አታውቅም፤ እኔው ልንገርህ። ፍሬው የሞተ ጊዜ ሽማግሌዎች እስኪሰበሰቡ አራት ቀን ሞቱን ደበቅናት። ድምፁን ካልሰማሁ ብላ ስታስቸግረኝ፣ ከቆዩት የድምፅ መልእክቶቹ አንዱን መርጬ፣ ገመዱን ሰክቼ፣ «ዛሬ የላከው ነው» ብዬ አሰማኋት። «አማ፣ እኔ ነኝ፤ ደህና ነኝ» ይላል። እሷም ያን ዕለት ደስ ብሏት እራት በላች። ሠላሳ አራት ዓመት ተማሪዎችን አትዋሹ ስል ኖሬ ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም።

ከዚያ ወዲህ በቪዲዮ አሳየናት፤ ኔትወርኩ ተቆራርጦ ፊትህ ደርቆ ሲቀር «ፎቶ ነው» አለች። ድምፅህን ከፍ አድርገን ብንለቀው ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እህተማርያም እግሯ ላይ ወድቃ «ስህተቱ የኔ ነው» ብትላት፣ «አንቺም አስተምረውሽ ነው» አለቻት። ጥቁሯን አላወለቀችም። ከአጥሚት በቀር ምንም አትቀምስም፤ እሱንም ጵርስቅላ ለምናት ነው። ያያት ሐኪም በዚሁ ከቀጠለች ብዙ እንደማትቆይ ነግሮኛል።

ትናንት ግን አንድ ነገር አየሁ። አንተ ሀዋሳ ስትማር የላክህልንን ደብዳቤዎች ከሣጥኗ አውጥታ የመጀመሪያውን ቃል በጣቷ እየዳሰሰች ነበር። ሰላምን «ሳለም» ብለህ የምትጽፋት ቃል ናት። ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ በቀይ እስክሪብቶ ሳርማት ኖሬ አልለቀቀችህም። እናትህ ማንበብ ከእኔ የተማረችው በስንት ትግል ነው፤ ያችን ስህተት ግን ከሩቅ ታውቃታለች። ደብዳቤህ ሲደርስ «ሳለም መጣ» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ስለዚህ በገዛ እጅህ፣ በወረቀት ላይ ጻፍላት። ቀኑን ጻፍ፤ ድንኳኑ በስህተት እንደተተከለ መስማትህን ጻፍ፤ ያኔ የቆየ ደብዳቤ አለመሆኑን ታውቃለች። ፎቶ አንስተህ አትላከው፤ ወረቀቱ ራሱ ይምጣ። እዚያው ያለው የአቶ ሽብሩ ልጅ አዶናይ ከመስቀል በፊት ወደዚህ ስለሚመጣ በእሱ እጅ ላክ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ሊሻን ቤቱን ያሳይሃል።

ጵርስቅላ «ወንድሜን ሳሙልኝ» ብላለች፤ የእናትህን ፀጉር የምታበጥረው እሷ ናት። እህተማርያም ይቅር በለኝ ትልሃለች። አቶ ሽብሩ ሰላም ብሎሃል። ሮዳስን በእኔ ስም ሳምልኝ። እናትህ ሰላምታ አልላከችም።

ምናልባት ዛሬ ያችን «ሳለም» አስተካክለህ መጻፍ ለምደህ ይሆናል። እባክህ አታስተካክላት። አላርምህም። ሊሻን አጠገብህ እንደቆመ ተቀምጠህ ጻፍና ቶሎ ላክልን።

አባትህ ባፈና
ሆሳዕና፣ ነሐሴ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.