ከኤላ እስከ ኤል፦ የአቶ ሞረዳ ጨመዳ የሕይወት ጉዞ

አቶ ሞረዳ ጨመዳ ከአባታቸው ከአቶ ጨመዳ ደረሳና ከእናታቸው ከወ/ሮ ለሊሴ ታፋ በ1944 ዓ.ም. በነቀምቴ ከተማ ተወለዱ። አፋቸውን ከፈቱበት ቀን ጀምሮ መጠየቅ የማይሰለቻቸው እንደነበሩ የአባታቸው እህት አዳዳ ዱረቲ ይመሰክራሉ።

ትምህርታቸውን በነቀምቴ አጠናቀው በመምህርነት ከሠለጠኑ በኋላ በ1965 ዓ.ም. በጊዳ አያና ሥራ ጀመሩ። በ1969 ዓ.ም. ከወ/ሮ ኡርጂ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሮቤራንና ኢቢሴን አፈሩ። ወደ ነቀምቴ ተዛውረውም እስከ 2004 ዓ.ም. ኬሚስትሪ አስተምረዋል።

ጡረታ ሲወጡ ሰው ሁሉ ባጃጅ ይገዛሉ ብሎ ሲጠብቅ እርሳቸው ጋን ገዙ። ነገሩ የመጣው ከአባታቸው ነው። በ1933 ዓ.ም. እንግሊዞች ጣልያንን አባርረው ነቀምቴ ሲገቡ አቶ ጨመዳ በካምፓቸው ተላላኪ ነበሩ። አንድ ወታደር «ኤል» አላቸው፤ በአገሩ ቢራ ማለቱ ነው። እርሳቸው ግን «ኤላ» ያለ መስሏቸው፣ በኦሮምኛ የውኃ ጉድጓድ ነውና፣ ባልዲ አስይዘው ጉድጓድ ዘንድ ወሰዱት። ወታደሩ ሲስቅ ቆይቶ ከራሱ ቢራ ቀዳላቸው። የተረፈውን ለታናሽ እህታቸው ለዱረቲ በጣሳ ይዘው ገቡ። አቶ ጨመዳ ይህን ባወሩ ቁጥር ያን ያህል አልተሳሳትኩም እያሉ ይስቁ ነበር።

አቶ ሞረዳ ያንን ቢራ ደግመው ሊጠምቁ ቆረጡ። ጣዕሙን የሚያውቁት አዳዳ ዱረቲ ብቻ ነበሩ፤ እርሳቸው ካለፉ ደግሞ የሚፈርድ አይኖርም። ስለዚህ የሻምቡ ገብስ አብቅለው፣ በጌሾ ፋንታ ሆፕስ የሚሉትን የፈረንጅ መራራ አበባ ከአዲስ አበባ አስመጡ። በነቀምቴ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር የሚገኘው የቤተሰባችን ጓሮ የድግስ ቤት ሸተተ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሊገሥጹ መጥተው ብቅሉ ለምን እንደሚጠቁር ሲጠይቁ ውለው ሄዱ። አዳዳ ዱረቲ ጌታን ከተቀበሉ ወዲህ መጠጥ አይቀምሱምና እያሸተቱ «አይደለም» ይሉ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ «አይደለም»!

ጥፋቱ የእኛ አገር ሰው ጥፋት ነበር። ለእንግዳ ቀጭን መጠጥ ማቅረብ ነውር ሆኖባቸው ገብሱን ያበዙት ነበር። አምና የልብ ሕመም አልጋ ላይ ካዋላቸው በኋላ ግን ስለዚያ ጦርነት ሲያነቡ፣ እንግሊዞች እህል አጥሯቸው ቢራቸውን ያቀጥኑ እንደነበር አገኙ። ብድግ ብለው ተቀመጡና «አባቴ እኮ ነግሮኝ ነበር፤ ውኃ ነው ያለኝ!» አሉ። ወ/ሮ ኡርጂ እየተቆጡም ቢሆን በነገሯቸው መሠረት ጠመቁ፤ ቢራውም ከጠላው በኋላ ውኃ ተጨምሮበት እንደሚወጣው ቅራሪ ቀጠነ።

አዳዳ ዱረቲ በባጃጅ መጡ። አሸተቱ። ከዚያ ማንኪያ ጠይቀው ቀመሱ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ወንድሜ ያመጣልኝ ይኼ ነው» አሉ።

አቶ ሞረዳ እንደዚያ ቀን ሲስቁ አይተናቸው አናውቅም። ጥቂት ቀናት ቆይተው ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ73 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም እርሳቸው ይቀብሩኛል ብለው ያስቡ የነበሩትን አዳዳ ዱረቲን ትተውልን ሄደዋል።

የጥያቄ ሁሉ መልስ በእጁ ያለ አምላክ በደስታ ይቀበላቸው። አባታቸውንም ሲያገኙ፣ እውነትም አልተሳሳቱም ነበር ብለው ይንገሩልን።